ከደጋ መስክ እስከ ጓዳ፦ ጦስኝን፣ ግራዋን፣ ጥንጁትንና እንዶድን እንደ ድሮው የመጠቀም አሠራር

ስለ ዱር ቅጠላ ቅጠል ሲነሳ አሁን አሁን ወሬው ሁሉ መድኃኒት ሆኗል። ቲክቶክ ስትከፍቱ አንዱ ቅጠል ስኳር ያጠፋል፣ ሌላው ደም ግፊት ያወርዳል። ድሮ ግን ቅጠል አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ጓዳ ውስጥ ነበር። ጋን ይታጠብበታል፣ ቅል ይታጠንበታል፣ ነጠላ ይነጣበታል፣ በርበሬ ይጣፍጥበታል። ሰው ሲያመው ደግሞ አንድ ስኒ ይቀመስ ነበር እንጂ በጆግ አይወረድም።

ይህ መመሪያ የጓዳውን ሥራ ያስቀድማል። መድኃኒትነታቸውም አለ፣ ግን በልኩ። ጦስኝ ከሁሉም ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ ለማግኘትም ለመጠቀምም ቀላሉ እሱ ስለሆነ።

ጦስኝ፦ ከመለየት እስከ ማሰሮ

ጦስኝ የደጋና የውርጭ ተክል ነው። ከ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ጀምሮ ወደ ላይ ይገኛል። መንዝ፣ ጣርማበር፣ የወሎና የጎንደር ከፍታዎች፣ ባሌ፣ እነዚህ ሁሉ አገሩ ናቸው። ዛፍ በሌለበት ገላጣ መስክ፣ በድንጋይ ጥግና በገደል አፋፍ ላይ መሬት ለመሬት ተነጥፎ ይበቅላል። ቅጠሉ ጥቃቅን ነው። ግንዱ ቀጭን ሆኖ እንደ እንጨት ይጠነክራል። አበባው ወደ ሮዝ የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው።

ዓይን ሊሳሳት ይችላልና በአፍንጫ አረጋግጡ። አንድ ጫፍ ቆንጥራችሁ በጣታችሁ እሹት። ስለታሙ ሽታ ወዲያው ካልመጣ ጦስኝ አይደለም፣ ተዉት። ይህን ሽታ የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ቅጠሉ ውስጥ ባለው ዘይት ይገኛሉ። ዘይቱ በቀላሉ ይተናል። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ፣ ማድረቁም ማፍላቱም፣ ይህ ዘይት እንዳያመልጥ ለማድረግ ነው።

አቆራረጥ። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ይሻላል። ጠዋት ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ፤ እርጥብ ሆኖ የተቆረጠ ጦስኝ ይሻግታል። መቀስ ወይም የተሳለ ማጭድ ያዙ። ለምለሙን የላይኛውን ጫፍ ብቻ ቁረጡ። እንጨት የመሰለውን የታችኛውን ክፍል አትንኩ፤ ተክሉ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። ከአንድ ቦታ አትጨርሱ፣ ከዚህም ከዚያም እያላችሁ ውሰዱ። ከመኪና መንገድ ዳር፣ ከብት ከሚያድርበት ቦታና ፀረ አረም ከሚረጭ ማሳ አጠገብ አትቁረጡ።

መንቀል ነው ትልቁ ጥፋት። ጦስኝ ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በእጅ ሲጎትቱት ከነአፈሩ ነው የሚመጣው፣ ደግሞም ለቸኮለ ሰው ይቀላል። ግን ያ ቦታ በቀጣዩ ዓመት ባዶ ነው። ገበያ ስትገዙ እስሩን ገልብጡና ታቹን እዩ። ሥር ከነአፈሩ ከተንጠለጠለበት ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ገዢው ሥር ያለውን አልወስድም ካለ ቆራጩም ማጭድ መያዝ ይጀምራል።

መስኩ የማን እንደሆነም ጠይቁ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሜዳ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል። ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደው ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ አርፎ ሲከፈት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሄዳችሁ «ዱር ነው» ብላችሁ ማጭድ ብታነሱ ጠብ ነው የምታተርፉት። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ጨርሶ አይነካም።

አደራረቅ። ቤት ስትደርሱ ሰፌድ ላይ ዘርግፋችሁ አራግፉት። ሣር፣ ነፍሳት፣ የደረቀ ቅጠል ይለቀም። አቧራ ከሌለው ባይታጠብ ይመረጣል። ካጠባችሁት ግን ውኃው ሙሉ በሙሉ እስኪንጠፈጠፍ ጨርቅ ላይ ዘርጉት።

ከዚያ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ግን ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ሽታው ግማሽ በግማሽ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ነፋስ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጎ መበተን ወይም በትንንሹ አስሮ ቁልቁል መስቀል ይበቃል። ጭስ ካለበት ማጀት አርቁት፣ የጭሱን ሽታ ይጠጣል። እንደ አገሩ አየር ከጥቂት ቀን እስከ ሳምንት ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ግንድ እጠፉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከጎበጠ ገና ነው።

ሲደርቅ ሰፌድ ላይ በመዳፋችሁ እሹት፣ ቅጠሉ ይረግፋል። ግንዱን አበጥራችሁ አውጡት። የወጣው ግንድ አይጣል፣ ሥጋ ሲጠበስ ፍም ላይ ጣል ቢደረግ ጥሩ መዓዛ ይሰጣል።

አቀማመጥ። ክዳኑ የሚገጥም የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ስስ ፌስታል ለጊዜው እንጂ ለክረምት አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ ክፈቱና እዩት። ክዳኑ ውስጠኛው ላይ ላብ ካያችሁ አልደረቀም ማለት ነው፤ ቶሎ አውጥታችሁ እንደገና አድርቁት። የሻገተ ነገር ግን አይለቀምም፣ ሙሉው ይደፋል። በደንብ የደረቀ ጦስኝ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል።

የጦስኝ ሻይ

ብዙ ቤት የጦስኝ ሻይ እንደ ሻይ ቅጠል እየተንተከተከ ይፈላል። እኔ አልወደውም። ሲንተከተክ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ይሄድና መራራው ይቀራል። እንዲህ ሞክሩት፦

1. ውኃውን ብቻ አፍሉና ከእሳት አውርዱት።
2. ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምሩበት። እርጥብ ከሆነ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ይበቃል።
3. ወዲያው ክደኑት። ክዳኑን አትርሱ፣ ሽታው እንፋሎት ላይ ነው ያለው።
4. ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑ ላይ ያጠራቀመውን ጠብታ መልሳችሁ አንጠባጥቡበትና አጥልሉ።
5. ማር የምትጨምሩ ከሆነ ለብ ሲል ይሁን።

ዝንጅብል ያስማማዋል። ጤና አዳም አንድ ቅጠል ጣል የሚያደርግም አለ። ከሎሚ ጋር ግን ለእኔ አፍ አይጥምም።

ለሳልና ለጉንፋን ይህ ሻይ የቆየ የቤት ወዳጅ ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ደረት ቀለል ያደርጋል። በቀን ሁለት ሦስት ብርጭቆ ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት አጥብቃ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪሟን ብትጠይቅ ጥሩ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሻዩን ቢጠጣም ክኒኑን አያቋርጥ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ የጦስኝ ጉዳይ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚደረግበት ነው።

ጦስኝ በወጥ ውስጥ

ለበርበሬ ከሆነ የደረቀውን ጦስኝ ከበሶብላው ጋር ቀላቅላችሁ ወደ ወፍጮ መላክ ነው። ከሌሎቹ ቅመሞች ጋር ምጣድ ላይ አትመሱት። ምጣዱ ሞቅ ብሎ ከእሳት ከወረደ በኋላ አንዴ ቢዟዟርበት ይበቃዋል። ሽሮ ላይም እንዲሁ። መጠኑን ከማሳነስ ጀምሩ። ጦስኝ ሲበዛ ሽሮው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ቅቤ ሲነጠር ከኮሰረቱ ጋር ጥቂት ቢገባም ያምራል።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ታይም እየተባለ የሚሸጠው የጦስኝ የሥጋ ዘመድ ነው። ጠባዩ ለስለስ ይላል፣ ለሻይ ግን ይሆናል። ከአገር ቤት ስታስመጡ የአገሩን ሕግ አስቀድማችሁ እዩ፤ የደረቀ ቅጠልም ቢሆን አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝ ይችላል።

ጋንና ቅል፦ በግራዋ ማጠብ፣ በጥንጁትና በወይራ ማጠን

ጠላ የሚጠምቅ ሰው የጠላው ጣዕም ከጌሾው እኩል ከዕቃው እንደሚመጣ ያውቃል። ከባለፈው ድግስ የቀረ ጎምዛዛ ሽታ ያለበት ጋን ውስጥ የተጠነሰሰ ጠላ አይድንም። የድሮዎቹ ይህን የሚያስተካክሉት በሁለት ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ ማጠን።

ማጠቢያው ግራዋ ነው። ቅጠሉ ሻካራ ስለሆነ ይፈትጋል፣ መራራ ስለሆነ ደግሞ የቆየውን ሽታ ያስለቅቃል። ሁለት ሦስት እፍኝ እርጥብ ቅጠል በጥቂት ውኃ እሹና ጋኑ ውስጥ ክተቱት። እጃችሁ የሚደርስበትን ሁሉ በቅጠሉ ራሱ ፈትጉት፣ በተለይ ታቹን፤ አተላው የሚጋገረው እዚያ ነው። እጅ የማይደርስበት እንስራ ከሆነ ቅጠሉንና ውኃውን ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። አረንጓዴ ውኃ መውጣቱን እስኪያቆም አለቅልቁ። ሳሙና አይግባ። ሸክላ ሳሙናውን መጦ ያስቀርና ጠላው ላይ ይመልስላችኋል። ከታጠበ በኋላ አፉን ደፍታችሁ በደንብ ይንጠፍጠፍ። እርጥብ ሸክላ ጭስ አይቀበልም።

ማጠኛው እንደ አገሩ ይለያያል። ጥንጁት በድንጋያማና ደረቅ ኮረብታ የሚበቅል፣ ሽታው ደስ የሚል ቁጥቋጦ ነው። ለጠላ ዕቃም፣ ለወተት ዕቃም፣ ለአራስ ቤትም ይታጠናል። ወይራ ደግሞ ብዙ ቦታ ይገኛል። ሁለቱን አቀላቅሎ ማጠንም የተለመደ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

የተሰበረ ገል ላይ ጥቂት ፍም አድርጉ። ነበልባል ያለው እንጨት አይሁን፣ የምትፈልጉት ጭስ ነው። በላዩ የደረቀ ጥንጁት ወይም የወይራ ስንጥር ጣል አድርጉበት። ጭሱ ወፈር ሲል ጋኑን በአፉ ድፉበት፤ በአንድ ጎን ጥቂት ክፍተት ተዉለት፣ አለዚያ ፍሙ ይጠፋል። ጭሱ ሲሳሳ አንድ ጊዜ ጨምሩ። ውስጡ ለብ ብሎ ሽታው ሲይዝ አንሱና አፉን በንጹሕ ጨርቅ ክደኑት። ጥንስሱ በዚያው ቀን ይግባ። ታጥኖ ሁለት ቀን የተቀመጠ ጋን እንደገና ይታጠናል።

ለወተት ቅል ይቀላል። የታጠበና የደረቀ ቅል ውስጥ አንድ ሁለት የወይራ ፍም ክተቱና ክደኑት። ፍሙ እንዳያቃጥለው ወዝወዝ ወዝወዝ እያደረጋችሁ አጥኑት፣ ከዚያ ፍሙን አውጥታችሁ አመዱን አራግፉ። እርጎው ላይ የምትቀምሱት ያ የጭስ ጣዕም ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን ብዙ ሰው በፕላስቲክ በርሜል ነው የሚጠምቀው። እሱ አይታጠንም፣ ይቀልጣል። በግራዋ ማጠቡ ግን ይሠራለታል። ጭሱን ካልተዋችሁ አንድ ትንሽ እንስራ ገዝታችሁ የመጨረሻውን ጠላ እዚያ ገልብጡት።

አንድ ነገር አደራ። ፍም የሚነካ ሥራ ሁሉ ደጅ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን። የከሰል ጭስ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አራስና ጨቅላ ባለበት ክፍል ደግሞ ጢስ ማጤስ ልማድ ቢሆንም ለሕፃኑ ሳንባ አይመችም። ቤቱን አስቀድማችሁ አጥኑና ጭሱ ሲወጣ አስገቧቸው።

ነጠላ በእንዶድ

እንዶድ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የአገሩ ሳሙና ነበር። ፍሬው ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ነገር አለው። ስለ እንዶድ ሲነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን መዝለል አይቻልም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያ በሽታን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ የተነሳው ምርምር ዓለም አቀፍ ሆነ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አብረው አገኙ።

ለእኛ ለአጣቢዎቹ ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀንድ አውጣ የሚገድል ውኃ ዓሣም ይገድላል። እጣቢውን ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትድፉ፣ መሬት ላይ አፍስሱት።

ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ሳፖኒኑ ያኔ ነው የሚበረታው። ዘለላውን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ይህ ሽታው የሚፈለግ አይደለምና እንደ ጦስኝ ጥላ አያስፈልገውም። ሲደርቅ በሙቀጫ ውቀጡና በወንፊት ንፉት። ሲወቀጥ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈን። ዱቄቱ በኃይል ያስነጥሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ያቃጥላል።

ማታ አንድ እፍኝ ዱቄት በለብታ ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት በጨርቅ አጥልሉት፣ አለዚያ ድቃቂው ጋቢው ፈትል ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። ያጠለላችሁትን ሳፋ ውስጥ ባለ ውኃ ላይ ጨምሩና በእጃችሁ ምቱት፣ ነጭ አረፋ ይነሳል። እጃችሁ ስስ ከሆነ ጓንት አድርጉ። ነጠላውን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ፣ በቀስታ እሹ፣ ውኃው እስኪጠራ አለቅልቁ። ጥለቱ አዲስ ከሆነ ጫፉን ብቻ አስቀድማችሁ ሞክሩት።

እንዶድ አይጠጣም። ጽንስ ለማስወረድ ብለው ጠጥተው የተጎዱና የሞቱ ሴቶች አሉ። የተወቀጠው ዱቄት ስም ተጽፎበት ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ከሽሮ ዕቃ አጠገብ ብታስቀምጡ ግን ችግር ነው የምትጠሩት።

ዳማከሴ ለምች

ዳማከሴ ሲሸተት ብቻ ምች የሚለቅ ይመስላል። ብዙ ጓሮ ውስጥ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። የተለመደው አሠራር ጥቂት ለጋ ቅጠል አጥቦ በመዳፍ ማሸት፣ ጭማቂው ሲወጣ ማሽተትና ግንባርን መቀባት ነው። ከንፈር ላይ የወጣ የምች ቁስል ላይም ጠብ ያደርጉበታል። ጥቂት ጠብታ በቡና የሚጠጣም አለ። አፍንጫ ውስጥ ጭማቂውን ማንጠባጠብ ግን እኔ አልመክርም፤ ንጹሕ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ለሕፃን ጨርሶ አይሆንም።

ወባ ባለበት አካባቢ ያለ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ምች ነው» ብሎ አይቀመጥ። በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ያስመርምር፣ ዳማከሴውን ከዚያ በኋላም ያሸተዋል።

ለማን ይተዋል

ኮሶን፣ እንቆቆንና መተሬን እንዴት እንደሚዘጋጁ እዚህ አልጽፍም፣ ሆን ብዬ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትልን ለማስወጣት የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ በየሁለት ወሩ የሚደግሙትም ነበሩ። መጠኑ ግን በእፍኝ ነው የሚለካው፣ የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይበረታል። ሲበዛ ከባድ ማስመለስና ማስቀመጥ ያመጣል፣ ዓይን የጎዳበት ጊዜም አለ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ተመርምሮ በክኒን የሚገላገሉት ነገር ነው። ቀበርቾም ለጢስ የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ አንዱን ለማጠን አንዱን ተክል መግደል ነው። ቤት ለማሳመር ጥንጁትና አሪቲ ይበቃሉ።

በረንዳ ላይ ጦስኝ ለመትከል

በየጊዜው መስክ መውጣት ለማትችሉ፣ አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተማ ውስጥ ጦስኝ በሳፋ ይበቅላል። መሬት ለመሬት የሚሄደው ቅርንጫፉ አፈር በነካበት ቦታ ሥር ያወጣል። ከሚያውቁት ሰው ጓሮ ወይም ከችግኝ ጣቢያ ሥር ያወጣ አንድ ቅርንጫፍ ቁረጡ። ታቹ የተበሳ ዕቃ አዘጋጁና አፈሩን ከግማሽ በግማሽ አሸዋና ጠጠር ጋር ቀላቅሉት፤ ጦስኝ የድንጋይ ጥግ ልጅ ስለሆነ ድሎት አይወድም። ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፈሩ እንዳይደርቅ አጠጡት። ከያዘ በኋላ ግን ጣታችሁን አፈር ውስጥ ከታችሁ ደረቅ ሲሆን ብቻ አጠጡ። በክረምት ዝናብ ከማያርሰው ጥግ አስጠጉት። አፈሩን ሸፍኖ ከዕቃው ጠርዝ መውረድ ሲጀምር፣ ያኔ የወረደውን መቁረጥ ትችላላችሁ።